ከዳሌ ስብራት በኋላ ደማቸው 8.4 የሆነ እናት፦ መጀመሪያ ደም ወይስ መጀመሪያ እርምጃ?

ይህ በመድረካችን ላይ የተካሄደ አንድ የውይይት ክር ማጠቃለያ ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ የመጣው ከሐዋሳ ሲሆን ጸሐፊዋ የታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ናት። የ74 ዓመት እናቷ ከባጃጅ ሲወርዱ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ዳሌው አካባቢ ተሰብሯል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወጌሻ ጠርቶ ሁለት ቀን ካሳለፈ በኋላ ሆስፒታል ወስዷቸዋል፤ ሲገቡ ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር መጠን) 11.2 ነበር፤ ኦፕራሲዮን በተደረጉ በሦስተኛው ቀን ሲለካ 8.4 ሆኖ ተገኝቷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በዎከር (ባለ አራት እግር የመራመጃ መደገፊያ) ሊያቆማቸው ሲመጣ የክፍሉ ሠራተኞች ደማቸው እስኪሞላ አልጋ ላይ ይቆዩ ብለው መልሰውታል፣ ቤተሰቡም ደም የሚሰጥ ሰው እንዲያፈላልግ ተነግሮታል። የእህታችን ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ፦ ደም ካልተሰጣቸው መራመድ አይችሉም ወይ፣ የመራመድ አቅም በዚህ ቁጥር ይወሰናል ወይ፣ ምንስ ይብሉ። ሦስተኛው ጥያቄ እንደሚጠበቀው ብዙውን ምላሽ ወሰደ፤ ክሩን የማስተባብረው እኔ ግን የጉዳዩ አስኳል ሁለተኛው ነው ብዬ ስለማምን በእርሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ምላሽ 1 ከአዳማ የመጣ ነው፤ ጸሐፊዋ በአጥንት ሕክምና ክፍል ብዙ ዘመን የሠሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። እግዚአብሔር ይማርልን ብለው ከጀመሩ በኋላ ቁጥሩን በቦታው አስቀመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ያለውን የደም ማነስ ይለዋል፤ ከ8 ሲወርድ ከባድ ይባላል፤ ስለዚህ 8.4 መካከለኛ ከሚባለው ደረጃ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ግን ቁጥሩን ትተው ስለ ታማሚዋ ጠየቁ፦ ሲቀመጡ ያዞራቸዋል ወይ፣ ደረታቸውን ያማቸዋል ወይ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ፣ የልብ ሕመም ነበረባቸው ወይ፣ የደም ግፊታቸው ተኝተውም ተቀምጠውም ተለክቷል ወይ፣ ከመውደቃቸው በፊትስ ያለ ምርኩዝ ይሄዱ ነበር ወይ። በዚህ ክር ውስጥ እውነተኛ ጥያቄ የጠየቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እርሳቸው አንዷ ናቸው፣ ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ ግን ብዙ ንትርክ ነበር።

ምላሽ 2 አጭርና ቆራጥ ነው፦ ሄሞግሎቢን 10 ሳይደርስ ማንንም አዛውንት ማቆም አደጋ ነው፣ ቤተሰቡም ጊዜ ሳያባክን ደም ያምጣ ይላል። ይህ የ10 ቁጥር በብዙ ሐኪሞች አእምሮ ውስጥ እንደ ሕግ የተቀመጠ ቢሆንም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1942 አዳምስ እና ለንዲ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሰመመን ሰጪዎች ለኦፕራሲዮን የሚዘጋጁ ሰዎችን በተመለከተ የሰጡት ምክር ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት የቆየውም በልማድ ኃይል እንጂ ተፈትኖ ስላለፈ አይደለም።

ምላሽ 3ን የሰጠው ራሱም ሰመመን ሰጪ እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። ቃናው ጨዋ፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውንና ፎከስ የሚባለውን የአሜሪካና የካናዳ ጥናት አነሳ፤ በዚያ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው ወይም ለዚያ የተጋለጡ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረጉ 2,016 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ሄሞግሎቢናቸው ከ10 እንዳይወርድ ደም ሲሰጣቸው ገሚሶቹ ከ8 ሲወርድ ወይም የደም ማነስ ምልክት ሲታይባቸው ብቻ ተሰጥቷቸዋል። በ60ኛው ቀን የሞቱት ወይም ያለ ሰው ድጋፍ ሦስት ሜትር ያህል መራመድ ያልቻሉት ከመጀመሪያው ቡድን 35.2 በመቶ፣ ከሁለተኛው ቡድን 34.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ለቁጥሩ ተብሎ የሚሰጥ ደም ሰውን አያስኬድም ሲል ደመደመ። ከምላሽ ሰጪዎቹ መካከል ማንም ልብ ሳይለው ያለፈ ነገር አለ፤ ሁሉ ነገር በተሟላላቸው ሆስፒታሎች እንኳ፣ ደም በልግስና ቢሰጥም ባይሰጥም፣ ከሦስት ሰዎች አንዱ በሁለተኛው ወር አንድ ክፍል ከዳር እስከ ዳር መሻገር አልቻለም ወይም በሕይወት የለም። እኔን ከ8 እና ከ10 ክርክር ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ምላሽ 4 የአንድ የአዳማ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የሰመመን ሰጪውን ውጤት ተቀብሎ ድምዳሜውን አረመ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዴንማርክ የወጣ ጥናት ከዳሌ ስብራት ኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለ ታካሚዎች ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ እንደነበር ማሳየቱን አስታወሰ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያው ተመራማሪዎች 120 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ለገሚሶቹ ከ10፣ ለገሚሶቹ ከ8 በታች ሲወርድ ደም ሲሰጡ በአረማመዳቸው ላይ ልዩነት አላገኙም፤ ይሁን እንጂ ትንሽ ደም በተሰጠው ቡድን ሞትና የልብ ችግር በዝቶ ታይቷል። ትልቁ ፎከስ ይህንን የሞት ልዩነት ባያገኝም፣ ልቡ የደከመ አዛውንት ሲገጥም ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የፊዚዮቴራፒው ባለሙያ በትሕትና አሳሰበ።

ሁለቱ ምላሾች እርስ በርስ የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም። ደሙ የቀነሰ አዛውንት በደንብ አይራመድም የሚለው እውነት ነው፤ ደሙን በከረጢት መሙላት በደንብ እንዲራመድ አያደርገውም የሚለውም እውነት ነው። ምክንያቱም ሄሞግሎቢናቸው የወረደባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስብራታቸው የከፋ፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ምግባቸው ያነሰ፣ ከመውደቃቸው በፊትም በቤት ግድግዳ ተደግፈው ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የቁስሉ ሕመም፣ የጡንቻው መሟሸሽና ዳግመኛ የመውደቅ ፍርሃት አለባቸው። ደሙ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱን ብቻ ይነካል።

ምላሽ 5 የአንድ የወንጂ ሰው ገጠመኝ ነው። አባቱ በስኳር ፋብሪካው የሠሩ የ80 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ጭናቸው ተሰብሮ ደማቸው ወደ 7 ወርዶ፣ መናገር እንኳ ደክሟቸው ሳለ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷቸው በማግሥቱ ተነሥተው ቁጭ አሉ፤ ስለዚህ ጥናቱን ተዉትና ደሙን ስጧቸው ይላል። ምላሽ 6 ይህን ሰው በማያስፈልግ ኃይለ ቃል ገሠጸው፤ የአንድ አባት ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፣ እንዲህ ዓይነት ተረት ነው ሕዝቡን የሚያሳስተው አለ። ምላሽ 7 ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። ምላሽ 8 ላይ የወንጂው ሰው ተመልሶ፣ አባቱን ተረት ያለውን ሰው ስለ አነጋገሩ ወቀሰ። በይዘቱ ግን ነገሩ ጠብ የሚያስነሳ አልነበረም። አባቱ ከ8 በታች ነበሩ፣ ምልክትም ነበራቸው፤ ምላሽ 3 ላይ የተጠቀሰው ጥናት በቁጥብነት ደም በሰጠው ቡድን ውስጥ ቢሆኑም ኖሮ ደም ይሰጣቸው ነበር። ምላሽ 6ን የጻፈው ሰው የሚሟገትለትን ጥናት ራሱ በሚገባ አላነበበውም።

ከምላሽ 9 እስከ 11 ያለው ክፍል ስለ ወጌሻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ሊገምተው ይችላል። አንዱ በቀርከሃ ስለታሰረ እግር አሰቃቂ ነገር ተረከ፣ ሌላዋ ደግሞ ውልቃትን ከማንም በተሻለ ስለሚመልስ የሰፈሯ ሰው ተሟገተች። ጠቃሚው ምላሽ 11 ነው። ጸሐፊው የመጨረሻ ዓመት የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት ሲሆን፣ የጭን አጥንት ሲሰበር ከአንድ ሊትር የማያንስ ደም በጡንቻዎቹ መካከል ተጠራቅሞ ሊቀር እንደሚችል፣ ከውጭ ግን ከእብጠት በቀር ምንም ላይታይ እንደሚችል አስረዳ። ስብራቱ የመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ከሆነ ከረጢቱ ደሙን ስለሚያፍነው ብዙ አይፈስም፤ ከከረጢቱ ውጭ፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን የሚከለክለው የለም። ደም ሲፈስ ደግሞ ሄሞግሎቢን ወዲያው አይወርድም፤ የሚወርደው የሰውነት ውኃ ወይም ግሉኮስ በመባል የሚታወቀው የደም ሥር ፈሳሽ የቀረውን ደም ሲያቀጥነው ነው። ስለዚህ በመግቢያው ዕለት የተለካ 11.2 የእውነተኛውን ኪሳራ ላያሳይ ይችላል፤ የተሰበረ ጭን ማሸት ደግሞ የሚደማውን ያባብሳል። እህታችን ወዲያው ገብታ የእናቷ ስብራት ከከረጢቱ ውጭ እንደሆነና ወጌሻውም አሽቶ እንደነበር አረጋገጠች። ይህን ስትጽፍ ተጸጽታ ነበር፤ ሬዚደንቱም ወቀሳ አልጨመረባትም።

ምላሽ 12 ላይ አንድ የሐዋሳ የላብራቶሪ ባለሙያ ሌላ አቅጣጫ አመጣ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከፍታ ሲጨምር ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ስለሚሠራ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ለሚኖር ሰው መነሻውን በ1.1 ግራም ከፍ እንድናደርግ ይመክራል፤ በዚህ ስሌት የ11.2 ውጤት ከመደበኛው ወደ ሁለት ግራም የሚጠጋ ዝቅ ያለ ይሆናል። ምላሽ 13 ይህን በጥሞና ተቃወመ። የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ከ3,500 ሜትር በላይ እየኖሩም ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይታለች፤ የአንዲስ ሰዎች ደም እንደሚወፍረው የእኛ ደገኞች ደም አይወፍርም። በመሆኑም ለሌላ ሕዝብ የተሠራ ማስተካከያ በእኛ ላይ እንዳለ መጫን የለበትም ይላል። ውይይቱ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የጣፈጠ ነበር፤ ለ8.4 ግን ለውጥ አያመጣም፤ በየትኛውም መነሻ ቢለካ የደም ማነስ ነው።

ከምላሽ 14 እስከ 19 ያለው ስለ ምግብ ነው። ቀይ ሥር ደም ይሆናል፣ ማልታ ደም ይተካል፣ ተልባ፣ አብሽ፣ የበሬ ጉበት፣ የአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አዋጣ። አንድ የሲዳማ ወንድማችን ስብራት ለገጠመው ሰው የሚመረጥ የእንሰት ዓይነት መኖሩንና አሚቾው ተቀቅሎ ከወተት ጋር እንደሚበላ ጻፈ፤ የጉራጌ ተወላጆችም የእነርሱን ጨመሩ። ምላሽ 17 ላይ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ይህን ሁሉ ሳትንቅ አጣራችው። ቀይ ሥር ቀለሙ እንጂ ብረቱ ብዙ አይደለም። ጤፍ ብረት አለው፣ ነገር ግን ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የሚደባለቅ በመሆኑ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ መምጠጡን የሚከለክለው ነገር ስለሚቀንስ ቡኮው ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግቡ ማራቅ ይሻላል። እንሰት ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ወተቱ ነው ዋናው። ለተሰበረ አዛውንት ደግሞ ፕሮቲን ለደሙም ለጡንቻውም ያስፈልጋል፤ ዕንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ምስር። የቱም ቢሆን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ 8.4ን 10 አያደርግም።

እዚህ ላይ እህታችን እናቷ የፍልሰታን ጾም እየጾሙ እንደሆነና ከኦፕራሲዮኑ በኋላም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ ነገረችን። ምላሽ 18 ከሆስፒታል አልጋ ላይ መጾም ድንቁርና ነው ብሎ ጻፈ፤ ስድቡን ሰርዣለሁ፣ ሐሳቡ ግን እንዳለ እንዲቆይ አድርጌያለሁ። ምላሽ 19 የአንድ ዲያቆን ነው፤ ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ፣ ይሁን እንጂ እናት ይህን ከልጃቸው ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው አፍ ቢሰሙት እንደሚቀበሉት ጠቅሶ፣ ካህኑ ወደ ሆስፒታል እንዲመጡ እንድትጋብዝ መከራት። ከክሩ ምክሮች ሁሉ በዚያው ቀን ተግባር ላይ የዋለው ይህ ብቻ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሲከተል ወደ ሌላ ክር አዛወርኩት።

ሁለተኛው እውነተኛ ጥያቄ የመጣው በምላሽ 20 ነው። ጠያቂው የውስጥ ደዌ ሐኪም ሲሆን፣ ሁሉም ሰው ስለ 8.4 ሲነታረክ ስለ 11.2 ማንም እንዳልጠየቀ አመለከተ። ከጭኑ ደም ከፈሰሰ በኋላ የቀረው ደም ገና ሙሉ በሙሉ ሳይቀጥን የተለካ ቁጥር 11.2 ከሆነ እናታችን ከመውደቃቸው በፊትም ደማቸው ዝቅ ያለ ሳይሆን አይቀርም፤ የደም ማነስ ያለባቸው አዛውንት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚወድቁ አወዳደቃቸው ራሱ ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ ከሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ የሚለውን፣ የቀይ ደም ሕዋሳትን አማካይ መጠን የሚያሳየውን ቁጥር አንብባ እንድትነግረው፣ እናቷንም ለዓመታት የሚወስዱት መድኃኒት ካለ እንድትጠይቅ አሳሰባት።

ምላሽ 21 የእህታችን ነው። ኤምሲቪው 71 ነበር፤ መደበኛው ከ80 እስከ 100 ነው። እናቷ ለጉልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዙ ለብዙ ጊዜ ወስደዋል፤ ጨጓራቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ የሚጠቁርበት ጊዜም ነበር፣ ለልጆቻቸው ግን አልነገሩም። ከዚህ ምላሽ በኋላ የክሩ ቃና ተለወጠ። ምላሽ 22 ላይ ያው ሐኪም የደም ሕዋሶቹ በመጠን ትንንሽ መሆናቸው የብረት እጥረትን እንደሚያመለክት፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ብረት ሲያጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከአንጀትና ከጨጓራ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም መሆኑን ጻፈ። ዲክሎፌናኩ ዛሬውኑ እንዲቆም፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ እየተወጉ ከሆነ የኦፕራሲዮን ሐኪሙ ስለ ጨጓራው እንዲያውቅ፣ የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) ምርመራ እንዲደረግ፣ ኩላሊታቸውም እንዲታይ መከረ። በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚለካ ከሆነ ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፤ ፌሪቲን በቁስልና በብግነት ጊዜ ስለሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ 15፣ ብግነት ላለበት 70 ማይክሮ ግራም በሊትር እንዲሆን መነሻውን ለያይቶታል። ቁጥሩ 50 ሆኖ ቢመጣ ደህና ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ማለቱ ነው።

ምላሽ 23 ታዲያ የብረት ክኒን ዛሬ ይጀመር ወይ የሚለውን አነሳ። ፋርማሲስቱ በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 300 የዳሌ ስብራት ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት ጠቅሶ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለአራት ሳምንት የተሰጠ የብረት ክኒን ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳላሳየ፣ ይልቁንም የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽ እንደሚያመጣ ጻፈ። ምክንያቱ ሄፕሲዲን ነው፤ ሰውነት ሲቆስል ጉበት ይህን ሆርሞን በብዛት ያመነጭና አንጀት ብረት እንዳያሳልፍ ይዘጋዋል። ሐኪሙ በከፊል ተስማማ፣ በከፊል አረመው፦ ያ ጥናት ኦፕራሲዮኑ ላመጣው የደም ማነስ መልስ ይሰጣል፣ ለዓመታት ብረት ላለቀባት ሰው ግን አይሰጥም፤ ክኒኑ ዛሬ ብዙ ባይሠራም ቁስሉ ሲረጋ ሊጀመር ይገባል፣ ሰገራውንም ስለሚያጠቁር ከደም መፍሰስ ጋር እንዳይምታታ ቤተሰቡ ይወቅ። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች ሳይሰዳደቡ ሲተራረሙ ማየት ያስደስታል፤ በዚህ መድረክ ሁልጊዜ አይገኝም።

ምላሽ 24 ደስታዬን አጭር አደረገው። ጸሐፊዋ በአንድ የግል ክሊኒክ አስታማሚዎችን የምታሠለጥን ሴት ስትሆን፣ እናታችንን አልጋ ላይ ያስቀራቸው ደማቸው ሳይሆን ልጆቻቸው ናቸው ብላ ጻፈች። ልጆቹ ያጎርሷቸዋል፣ ፊታቸውን ያጥቡላቸዋል፣ ገና ሊነሡ ሲሉ አይዞሽ እማዬ ተኚ ይሏቸዋል፤ ይህ ፍቅር እየመሰላቸው ጡንቻቸውን እየገደሉት ነው ትላለች። ምላሽ 25 በብርቱ ተቆጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ወለል ላይ እያደረ እናቱን የሚያስታምም ሰው እንዲህ አይባልም አለ። አነጋገሯ ሻካራ እንደነበር አልክድም። ይዘቱን ግን የሚደግፍ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸው አረጋውያን ለአሥር ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ሲደረግ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። ስብራት፣ ሕመምና የደም ማነስ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ የአልጋ ቁስሉ፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋቱና የሌሊት መቃዠቱም ሳይቆጠር። ደማቸው እስኪሞላ ይተኙ የተባሉት እናት የሚጠባበቁት ሄሞግሎቢን ሳምንታትን የሚፈልግ ሲሆን እግራቸው ግን በየቀኑ ይከሳል።

ምላሽ 26 ላይ የአዳማው ፊዚዮቴራፒስት ተመልሶ ሥራውን በዝርዝር አስረዳ፤ ረጅም ስለሆነ ዋናውን ብቻ እነግራለሁ። ከምግብ በፊት ሳይሆን ከቀማመሱ በኋላ፣ የሕመም ማስታገሻውም መሥራት ሲጀምር፣ መጀመሪያ የአልጋው ራስጌ ቀና ይደረጋል፤ ቀጥሎ እግራቸውን አውርደው ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል። የላይኛው ግፊት ከ20 በላይ ካልወረደ፣ ዓይናቸው ካልጨለመ፣ ደረታቸው ካልተጨነቀ፣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ሆኖ በዎከር ይቆማሉ፤ በመጀመሪያው ዕለት ከአልጋው ጎን ወዳለው ወንበር መሄድ በቂ ነው። ምልክት ከታየ ይመለሳሉ፣ ሐኪም ይጠራል፣ ያን ጊዜ ደም መስጠት የሚገባው ለምልክቱ እንጂ ለቁጥሩ አይደለም። ደሙም አንድ ከረጢት ተሰጥቶ፣ ተለክቶ፣ ታይቶ ነው ሁለተኛው የሚታሰበው፤ አንዱ ከረጢት ሄሞግሎቢንን በአንድ ግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል፣ ልቡ የደከመ አዛውንት ላይ በፍጥነት የሚሰጥ ደም ደግሞ ሳንባን በፈሳሽ ሊሞላ ይችላል። ደም ያፈላለገው ቤተሰብ ግን የደም ባንኩ ለሌላ ሰው ያውለዋልና በመለገሱ አይቆጭ አለ። ይህን ምላሽ በመድረኩ አናት ላይ ሰክቼዋለሁ።

ምላሽ 27 ከእህታችን ነው። የንስሐ አባታቸው መጥተው እናቷ ወተትና ዕንቁላል መውሰድ ጀምረዋል። በመጀመሪያው ቀን ሲቀመጡ አዙሯቸው ግፊታቸው ስለወረደ አንድ ከረጢት ደም ተሰጥቷቸዋል፣ በማግሥቱ 9.3 ሆኖ በዎከር እስከ በሩ ሄደዋል። በምርመራው ኤች ፓይሎሪ ተገኘ ተብሎ መድኃኒት ታዝዟል። የምላሽ 2 ጸሐፊ ወዲያው ብቅ ብሎ ደም ሲሰጣቸው ተራመዱ አላልኩም ወይ አለ፤ የምላሽ 3 ጸሐፊ ደግሞ 9.3 እኮ 10 አይደለም ሲል መለሰለት። ሁለቱንም በዚህ አስቆምኳቸው፤ የተሰጠው በምልክቱ ምክንያት ነበርና።

ምላሽ 28 ከሻሸመኔ ነው፤ አባታቸው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሰው ሄሞግሎቢኑ ወደ መደበኛው ሲመለስ የብረት ክኒኑ ይቁም ወይ ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ በምላሽ 29 የተሟጠጠው የብረት ክምችት እንዲሞላ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ክኒኑ ለሦስት ወር ያህል እንደሚቀጥል፣ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ተለክቶ ከፍ ካላለ ግን ክኒኑን ከማብዛት ይልቅ ጨጓራውና አንጀቱ በካሜራ መታየት እንዳለበት መለሰ። ለቀጠሮው በሚሰጠው ወረቀት ላይ ስብራቱ ብቻ ተጽፎ የደም ማነሱ እንዳይረሳ፣ ቤተሰቡ ሐኪሙን ጠይቆ እንዲያስጽፍም ጨመረ።